እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ፦ በውቅያኖስ ዳርቻ ራስን ከተፈጥሮ አደጋ መጠበቅ

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው አባባል ከእኛ ከደገኞቹ አንደበት የማይጠፋ ነው። አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሰው ተንኮል ቢሆንም፣ ቃል በቃል የሚፈጸምበት ቦታ ቢፈለግ ከውቅያኖስ ዳርቻ የተሻለ አይገኝም። በዚያ ለዓይን የሚያስፈራው ውኃ ብዙ ጊዜ ሲያዩት ከሚገምቱት በታች አደገኛ ሲሆን፣ ጸጥ ብሎ የሚጋብዘው ውኃ ደግሞ ዋናተኛን ይዞ የሚሄደው ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር ሳይሆን በፊዚክስ ሕግጋት የሚብራራ የተፈጥሮ ሂደት ነው።

የባሕር በር የሌላት አገር ሕዝብ ስለ ውቅያኖስ ዳርቻ ማወቁ ምን ይጠቅመዋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ከባድ አይደለም። ዛሬ በሞያሌ በኩል ተጉዞ ሞምባሳና ዲያኒ ለዕረፍት የሚወርደው፣ በጅቡቲ ወደብ ጭነት ሲጠባበቅ ከባሕሩ የሚገባው፣ በጅዳ፣ በዱባይና በሰላላ በሥራ ላይ ያለው፣ በቴል አቪቭና በአሽዶድ አቅራቢያ የሚኖረው፣ በካሊፎርኒያ ልጆቹን ይዞ ወደ አሸዋው የሚወጣው ወገናችን ቁጥሩ ብዙ ነው። ከእነዚህም አብዛኞቹ ዋናን የተማሩት፣ ከተማሩም፣ በላንጋኖ፣ በሐዋሳ፣ በጣና ወይም በመንደራቸው ወንዝ ነው። ሐይቅ ያስተማረው ሰው ውቅያኖስን እንደ ትልቅ ሐይቅ ቢቆጥረው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ይህ ግምት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ብቻ በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ውኃ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል።

በዚህ ጽሑፋችን ጎብኚን ከሚያጋጥሙት የዳርቻ አደጋዎች ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ እያነሣን፣ ከየት እንደሚመነጩ፣ በምን እንደሚታወቁና እንዴት ማምለጥ እንደሚቻል ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሐይቅና ውቅያኖስ በምን ይለያያሉ?

የመጀመሪያው ልዩነት ሞገዱ ነው። በሐይቅ ላይ የሚነሣው ሞገድ እዚያው በነፈሰው ነፋስ የተፈጠረ ስለሆነ ነፋሱ ሲቆም አብሮ ይረግባል። የውቅያኖስ ሞገድ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በተነሣ ማዕበል ተወልዶ፣ ቀናትን ተጉዞ ሊደርስ ይችላል። በመሆኑም ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱም ረግቶ ሳለ ዳርቻውን ትላልቅ ሞገዶች ሲመቱት ማየት የተለመደ ነው። ሞገዶቹም እኩል አይደሉም፤ ለደቂቃዎች ትናንሾቹ ብቻ ሲመጡ ቆይተው በድንገት በተከታታይ ትላልቆቹ ይደርሳሉ። ስለሆነም ወደ ውኃው ከመግባት በፊት ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆሞ ባሕሩን መመልከት ጥንታዊም ዘመናዊም ጥበብ ነው።

አንድ ሞገድ የሚሸከመው ኃይል ከቁመቱ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ቁመቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ 1,025 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚመዝን ስናስብ፣ ወገባችን ድረስ ብቻ የደረሰ ሞገድ አዋቂ ሰውን ለምን እንደሚጥል ግልጽ ይሆንልናል። ቁልቁል በሆነ ዳርቻ ሞገዱ ቀጥታ አሸዋው ላይ ስለሚፈርስ ሰውን በአናቱ ተክሎ አንገት ሊሰብር ይችላል። ለባሕር ጀርባ አይሰጥም የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በድንጋያማ ዳርቻ ደግሞ አደጋው ለመዋኘት ያላሰበውንም ይጨምራል። በኦማን የዶፋር ጠረፍ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘልቀው የክረምት ወቅት ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ሞገድ እጅግ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 በሰላላ አቅራቢያ በምትገኘው ሙግሳይል የመከላከያውን አጥር ተሻግረው የነበሩ ጎብኚዎችን ሞገድ ጠርጎ ወስዷቸው ሕይወት ጠፍቷል። የረጠበ ድንጋይ ትናንት ወይም ከአፍታ በፊት ሞገድ እዚያ ድረስ ወጥቶ እንደነበር የሚመሰክር ምልክት ነው፤ እዚያ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት አይገባም።

ወደ ባሕር የሚጎትተው ጅረት

በውቅያኖስ ዳርቻ ዋናተኞችን በብዛት ለአደጋ የሚዳርገው ግን ሞገዱ ራሱ ሳይሆን ሞገዱ ያመጣው ውኃ የሚመለስበት መንገድ ነው። ይህም በእንግሊዝኛ ስሙ ሪፕ ከረንት የሚባለው ጅረት ሲሆን፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ጎታች ጅረት» እንለዋለን። በአሜሪካ በሞገዳማ ዳርቻዎች የነፍስ አድን ሠራተኞች ከሚያወጧቸው ሰዎች ከመቶ 80 የሚበልጡት በዚህ ጅረት የተያዙ እንደሆኑ ይገመታል።

አፈጣጠሩ እንደሚከተለው ነው። ሞገድ ወደ ዳርቻ ሲቀርብ የውኃው ጥልቀት ይቀንሳል፤ ጥልቀቱ የሞገዱን ቁመት አንድ ጊዜ ከሲሶ ያህል ሲሆን ሞገዱ ይፈርሳል። ከዳርቻው ጥቂት ራቅ ብሎ ብዙ ጊዜ በውኃ ውስጥ የተሸሸገ የአሸዋ ጉብታ ስለሚኖር፣ ሞገዶች በጉብታው ላይ እየፈረሱ ውኃውን ወደ ዳርቻው ይገፉታል። በጉብታውና በዳርቻው መካከል የተከማቸው ውኃ ከውጭው ባሕር ጥቂት ከፍ ይላል። ውኃ ደግሞ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚፈልግ ጉብታው የተቆረጠበትን ክፍተት አግኝቶ በዚያ በኩል እንደ ወንዝ ወደ ባሕር ይፈሳል። የጅረቱ ስፋት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሜትር ሲሆን፣ ፍጥነቱ በአማካይ በሰከንድ ከ0.3 እስከ 0.6 ሜትር ነው። ነገር ግን በሰከንድ እስከ 2.4 ሜትር የደረሰበት ጊዜ ተለክቷል። በዓለም ላይ ፈጣን የሚባለው ዋናተኛ 50 ሜትርን ከ21 ሰከንድ በጥቂቱ ባነሰ ጊዜ ሲዋኝ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.4 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ከብርቱ ጅረት ጋር ፊት ለፊት የሚታገል ተራ ዋናተኛ ዕጣ ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ክፍተቱ ከጉብታው ይልቅ ጥልቅ ስለሆነ ሞገድ በላዩ አይፈርስም። ስለዚህ ግራና ቀኙ በነጭ አረፋ ሲታመስ፣ መካከሉ ጠቆር ያለና ጸጥ ያለ ሆኖ ይታያል። ባሕርን የማያውቅ ሰው፣ በተለይም ልጅ የያዘ ወላጅ፣ «እዚህ ጋ ውኃው ይረጋል» ብሎ የሚመርጠው ይህንኑ ቦታ ነው። አረፋው የሚያስፈራው ግን ብዙ ጊዜ ሰውን ወደ ዳርቻ የሚገፋው ነው። ጎታቹን ጅረት ለመለየት የሚረዱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ በሚፈርሱ ሞገዶች መካከል የሚታይ ጠቆር ያለ መንገድ፣ ወደ ባሕር የሚነጉድ አረፋ ወይም የባሕር ሣር፣ በአሸዋ የደፈረሰ ውኃ ወደ ውጭ ተዘርግቶ መታየቱ፣ እንዲሁም ገጹ ላይ የሚታይ ያልተስተካከለ ሽብሽብታ ናቸው። ጅረቱ በግንብና በድንጋይ ክምር አጠገብም በብዛት ይፈጠራል። ከፍ ካለ ቦታ ሲመለከቱት ይበልጥ ይለያል።

በጅረቱ የተያዘ ምን ያድርግ?

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ እምነት እናርም። ጎታች ጅረት ሰውን ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አይውጥም። ሰው የሚሰጥመው ድንጋጤና ድካም ስለሚያሸንፉት ነው። የባሕር ውኃ በጨውነቱ ምክንያት ከሐይቅ ውኃ ይልቅ ስለሚያንሳፍፍ፣ በጀርባ ተንጋልሎ መተንፈስ የቻለ ሰው ጊዜ ያገኛል።

ለረዥም ዘመን የተሰጠው ምክር «ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኝ» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ግን ነገሩን አስፋፍቶታል። ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ዳርቻዎች የአቀማመጥ መለኪያ የተገጠመላቸው ተንሳፋፊዎች በጅረቱ ላይ ለቀው ሲከታተሉ፣ ከአሥሩ ስምንት ወይም ዘጠኝ የሚሆኑት ወደ ጥልቁ ባሕር ሳይወጡ እንደ አዙሪት ተሽከርክረው ወደ ዳርቻው ክልል ሲመለሱ ታዝበዋል። ከዚያ በኋላ በአውስትራሊያ የተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ ለሁሉም ጅረት የሚሠራ አንድ ብቸኛ ዘዴ እንደሌለ አሳይተዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ተጨምቆ የሚወጣው ምክር እንዲህ ይነበባል። በመጀመሪያ አትታገሉ፤ በጀርባችሁ ተንሳፍፋችሁ ትንፋሻችሁን አረጋጉ። ሁለተኛ፣ አንድ እጅ ወደ ላይ አንሥታችሁ እያወዛወዛችሁ እርዳታ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ አቅም ካላችሁ በጅረቱ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ነጭ አረፋ ወደሚታይበት አቅጣጫ ዋኙና ከጉብታው ላይ ከሚፈርሱት ሞገዶች ጋር ወደ ዳርቻ ተመለሱ። ወደ አንዱ ጎን መዋኘት ካልተሳካ ሌላውን ሞክሩ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚሻለው ግን የነፍስ አድን ሠራተኛ ባለበት ዳርቻ ብቻ መዋኘት ነው።

አዳኙም እንዳይጠፋ

ሰጥሞ የሚሞት ሰው እንደ ፊልም ይጮኻል፣ ይንፈራገጣል ብለን እንጠብቃለን። እውነታው ሌላ ነው። አፉ ከውኃው በላይ የሚቆየው ለትንፋሽ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ስለሆነ መጮኽ አይችልም፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ያህል ሆኖ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጸጥ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በውኃ ውስጥ ያለ ልጅ ድምፁ ሲጠፋ ነው መሮጥ የሚገባው።

በባህላችን ሰው ውኃ ሲወስደው እያዩ መቆም ነውር ነው። ይህ ክቡር ጠባይ ግን በውቅያኖስ ዳርቻ በአንድ አስከሬን ፈንታ ሁለትና ሦስት የሚያስወጣበት ጊዜ አለ። ወንድም ወንድሙን፣ አባት ልጁን ለማውጣት ዘልሎ ገብቶ፣ የመጀመሪያው በሞገድ ተመልሶ ሲተርፍ አዳኙ የቀረበት አደጋ በየአገሩ ተደጋግሞ ተመዝግቧል። በመሆኑም መጀመሪያ የነፍስ አድን ሠራተኛ ይጠራ፤ ቀጥሎ የሚንሳፈፍ ነገር፣ ጀሪካን ወይም ኳስም ቢሆን፣ ለተያዘው ይወርወርለት፤ ከዳርቻ ሆኖም ወዴት እንደሚዋኝ በእጅ ይመልከት። መግባት የግድ ከሆነ እንኳ የሚያንሳፍፍ ነገር ሳይይዙ መግባት ጀግንነት አይደለም። የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ፣ ያጣው በቅድሚያ ኦክስጅን ስለሆነ፣ ልብን ከመጫን ጋር ትንፋሽ መስጠት እጅግ አስፈላጊ መሆኑ መታወቅ አለበት።

የባሕር ሙላትና ጉድለት

በጣና ዳር ያደገ ሰው የማያውቀው ሌላው ነገር ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ መሙላቱና መጉደሉ ነው። ምክንያቱ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ሲሆን፣ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በሞምባሳ ጠረፍ በብርቱው ሙላትና ጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ውኃው ሲጎድል ጎብኚው በእግሩ እየተራመደ እስከ ኮራል ሪፉ ድረስ ይሄዳል፤ ዛጎልና ዓሣ ሲመለከት ቆይቶ ዞር ሲል ከኋላው ያለው ዝቅተኛ ቦታ ሞልቶ መመለሻው ተቆርጦ ያገኘዋል።

የሙላቱ ፍጥነት እኩል አለመሆኑ ብዙዎችን ያታልላል። ልዩነቱ 3 ሜትር ነው ብንልና ሙላቱ ስድስት ሰዓት ቢፈጅ፣ በመጀመሪያው ሰዓት 25 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 50፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት እያንዳንዳቸው 75፣ በአምስተኛው 50፣ በመጨረሻው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት ብቻ አንድ ሜትር ተኩል ተጨመረ ማለት ነው፤ ይህም ከአጭር ሰው ቁመት ጋር የሚቀራረብ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት «ገና ነው» ያለ ሰው በሦስተኛው ይያዛል።

ብርቱ ሙላት የሚመጣው ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ ከዚያም አንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው። የሂጅራን አቆጣጠር የሚከተል አንባቢ በወሩ መባቻና በ15ኛው ቀን አካባቢ እንደሚውል በቀላሉ ያሰላዋል። ትክክለኛው ሰዓት በየሆቴሉና በየወደቡ ከሚለጠፈው ሠንጠረዥ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ እናክል። የኬንያ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ሲሆን፣ የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ሰዓት ይቆጥራሉ፤ ሠንጠረዡ ግን የሚጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። በሠንጠረዡ 10፡00 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። በዚህ ስድስት ሰዓት መሳሳት ጉድለትን ከሙላት ማምታታት ይሆናል።

ሱናሚ፦ ባሕር ሲሸሽ መከተል አይገባም

ሱናሚ በነፋስ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ወለል ላይ በሚነሣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚፈጠር ሞገድ ነው። ፍጥነቱ በጥልቀቱ ይወሰናል፤ የስበትን ፍጥንጥነት በውኃው ጥልቀት አባዝተን ስኩዌር ሩቱን ብንወስድ እናገኘዋለን። በ4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰዓት 713 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከጄት አውሮፕላን ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ ይሆናል። በ10 ሜትር ጥልቀት ደግሞ ወደ 36 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ከኋላ የሚመጣው ውኃ እየተደራረበ ቁመቱ ያድጋል። 36 ኪሎ ሜትርም ቢሆን በአሸዋ ላይ የሚሮጥ ሰው የሚያመልጠው ፍጥነት አይደለም።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004) በሱማትራ አቅራቢያ መጠኑ 9.1 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከስቶ የተነሣው ሱናሚ ወደ 230,000 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። ሞገዱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞና ከሰባት ሰዓት ገደማ በኋላ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ ጠረፍ ደርሶ፣ በተለይ በሐፉን ልሳነ ምድር አካባቢ ወደ 300 የሚሆኑ ሰዎችን ፈጅቷል። በኬንያ ግን ባለሥልጣናት ወሬው አስቀድሞ ስለደረሳቸው ከዳርቻዎች ሰው እንዲወጣ አደረጉ፤ የሞተውም አንድ ሰው ብቻ ነበር። በእርግጥ ሞገዱ በየቦታው እኩል ጉልበት አልነበረውም፤ ሆኖም ሰባት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ለሚሰማ ሕዝብ ምን ያህል ረዥም ጊዜ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን። ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ የሕንድ ውቅያኖስ የራሱ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አለው።

ከመንቀጥቀጡ ሥፍራ አቅራቢያ ላለ ሰው ግን መሣሪያ አይደርስለትም፤ ያለው ዕውቀት ብቻ ነው። በሱማትራ አጠገብ በምትገኘው በሲሙሉዌ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1907 የደረሰው ሱናሚ «ስሞንግ» በሚል ቃል በአያቶች ተረትና ዜማ ተጠብቆ ነበር። ምክሩ አጭር ነው፦ ምድር በብርቱ ተንቀጥቅጦ ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ተራራ ሩጥ። በ2004ቱ አደጋ ከ78,000 ያህል የደሴቲቱ ነዋሪዎች የሞቱት ሰባት ብቻ ናቸው። በዚያው ዕለት በታይላንድ ፑኬት ዳርቻ ላይ የ10 ዓመት እንግሊዛዊት ተማሪ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የተማረችውን ምልክት በባሕሩ ላይ አይታ ወላጆቿን በማስጠንቀቋ ወደ 100 የሚሆኑ ሰዎች ተርፈዋል። በሌላ ቦታ ግን ብዙዎች ባሕሩ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ የቀረውን ዓሣ ለመልቀም ወርደው ነበር።

ሦስት ምልክቶችን እናስታውስ፦ 20 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚቆይ መንቀጥቀጥ፣ ባሕሩ ሳይጠበቅ መሸሹ፣ ከባሕር በኩል የሚሰማ ከባድ ጉርምርምታ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ማንንም ሳይጠብቁ ወደ ከፍታ መውጣት፣ ከፍታ ከሌለም ወደ ጠንካራ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅና ከዚያ በላይ መውጣት ይገባል። ሱናሚ አንድ ሞገድ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ከመጀመሪያው ሊብስ ስለሚችልና በመካከላቸውም እስከ አንድ ሰዓት ሊያልፍ ስለሚችል ፈጥኖ መመለስ ብዙዎችን አስጨርሷል።

ትንንሽ የሚመስሉ አደጋዎች

በቀይ ባሕርና በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ድንጋይ መስሎ የሚቀመጥ፣ በጀርባው መርዛማ እሾህ ያለው ስቶንፊሽ የተባለ ዓሣ አለ፤ እንደ ጃርት በእሾህ የተሸፈነ የባሕር እንስሳም በኮራሉ መካከል ሞልቷል። መፍትሔው በባዶ እግር አለመግባት ነው። በስቶንፊሽ የተወጋ ሰው የተጎዳውን እግር ሳያቃጥለው በሚችለው ሙቅ ውኃ፣ ከ45 ዲግሪ ሴልሲየስ በማይበልጥ፣ ነክሮ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ደግሞ በበጋው ወራት ጄሊፊሽ በመንጋ ይመጣል። ይህ ዝርያ ከሕንድ ውቅያኖስና ከቀይ ባሕር በስዊዝ ቦይ በኩል ተሻግሮ የተስፋፋ ነው። የነካውን ቦታ ሳያሹ በዚያው በባሕሩ ውኃ ማጠብ ይመከራል፤ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ገና ያልፈነዱትን የመርዝ ሕዋሳት ሊያነሣሣ ይችላል።

ነጎድጓድ ሲሰማ ከውኃው ወጥቶ ወደ ሕንፃ ወይም ወደ መኪና መግባት፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድም በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት ግድ ነው። ልጆች በአሸዋ ውስጥ ከጉልበታቸው በላይ የጠለቀ ጉድጓድ እንዲቆፍሩም አይፈቀድ፤ ጎኑ ሲናድ አሸዋው ትንፋሽ ይነሣል።

ባንዲራውን ማንበብ

የየአገሩ የዳርቻ ባንዲራ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ጎብኚ ሊያስተውል ይገባል። በእስራኤል ነጭ መዋኘት እንደሚቻል፣ ቀይ አደገኛ መሆኑን፣ ጥቁር ክልክል መሆኑን ያመለክታል። በአውስትራሊያና በሌሎች በርካታ አገሮች ቀይና ቢጫ በአንድነት ያለው ባንዲራ ጥበቃ ያለበትን ክልል ያሳያል፤ የሚዋኘውም በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ነው። ስለዚህ ከመግባት አስቀድሞ የነፍስ አድን ሠራተኛውን «ዛሬ ባሕሩ እንዴት ዋለ? የት ጋ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ጥያቄው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከላይ ያነሣናቸው ሁሉ ሰውን ከባሕር ለማስበርገግ የተጻፉ አይደሉም። ባሕር ለጤናም ለመንፈስም የሚሰጠው ደስታ ብዙ ነው። ነገር ግን ያ ደስታ የሚገኘው ውኃው በምን ሕግ እንደሚመራ በሚያውቅ ሰው ዘንድ ነው። ተጓዥ ዘመድ ያለው አንባቢያችን፣ ሻንጣው ሲዘጋ ከሚሰጠው ምክር መካከል ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨምርለት ድካማችን በከንቱ አልቀረም እንላለን፦ በነጩ አረፋ መካከል ጠቁሮ ጸጥ ያለው ውኃ እያሳሳቀ የሚወስደው ነውና፣ ከእሱ ራቅ።